ሲስተር ወለተጻድቅ የተመዘኑ ዕለት

በ1964 ዓ.ም. መስከረም ጠብቶ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ ኮልፌ ውስጥ «ሲስተር ወለተጻድቅ ሊመዘኑ ነው» የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያበላሸው ግን ገበያው ነው። እኔ ያልኩት፣ ከበላይ በመጣ ትእዛዝ መሠረት የአንጋፋ ነርሶች የሙያ ብቃት በሥራ ባልደረቦቻቸው ይመዘናል ነበር። የኮልፌ ገበያ ደግሞ መመዘን ሲባል የሚያውቀው በርበሬና ቅቤ ብቻ ነው። በማግስቱ ቅቤ ነጋዴው አባባ ጀይሉ ለሳላቸው መጡና፣ ወረፋ ሳይጠብቁ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው ሲስተርን ከላይ እስከ ታች አዩአቸው። ከዚያም የእሳቸው ሚዛን ከኩንታል በላይ እንደማይችል፣ ካስፈለገ ግን ከመርካቶ ትልቅ ሚዛን ሊያስመጡ እንደሚችሉ በትሕትና አስታወቁ።

ሲስተር ወፍራም ነበሩ። ይህን ኮልፌ ሁሉ ያውቃል፤ ፊት ለፊት የተናገረ ግን ከአባባ ጀይሉ በፊት አልነበረም። እኔና ዳኛቸው ሳቃችንን ለመዋጥ ወደ ግድግዳው ዞርን። ሲስተር የተቀቀለውን መርፌ በመቆንጠጫ እያወጡ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ ቅቤው ውስጥ የሚገባው ሙዝ ተለይቶ የሚመዘንበት ሚዛን ሲገኝ ያን ጊዜ እኔም እወጣበታለሁ አሏቸው። አባባ ጀይሉ አንገታቸውን መልሰው አወጡ።

እኔ ዘሀራ እባላለሁ። ኮልፌ ተወለድኩ፣ ኮልፌ ተዳርኩ፣ ከኮልፌ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረችው ትንሽ ክሊኒክ ደግሞ ነርስ ሆኜ ሠራሁ። አራት ነበርን። አለቃችን ሲስተር ወለተጻድቅ ናቸው። ዳኛቸው ድሬሰር ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ ፋሻ ያስራል፣ መርፌ ይወጋል፣ የቀረውን ጊዜ ጫማውን ይጠርጋል። ደሜ አዋላጅ ናት፤ የአስኮ ልጅ ስትሆን ከሁላችንም ዝምተኛዋ እሷ ነበረች። ሐኪሙ ማክሰኞና ዓርብ ብቅ ይላል፤ እሱም ቢሆን ሲስተርን ሳያስፈቅድ ወንበር አይስብም።

ሲስተር ይቆጣሉ። ሌላ ሰው ሲናደድ ይቆጣል፤ ሲስተር ግን ሌላ ሰው እንደሚተነፍስ ነው የሚቆጡት። በቁጣቸው ደግሞ አያዳሉም። እስላም ክርስቲያን፣ ሀብታም ድሃ፣ ጉራጌ ኦሮሞ የለም፤ በሩን የረገጠ ሁሉ ድርሻውን ይዞ ይወጣል። ሕፃን ያዘለች እናት «ይሄን ልጅ ያጠብሽው በጥምቀት ነው በፋሲካ?» ትባላለች። ዳኛቸው ጫማው አልጸዳም ተብሎ ይሰደባል፣ ሲጸዳም ከሥራው ይልቅ ለጫማው አሰበ ተብሎ ይሰደባል። እኔ አንድ ቀን ተጠንቅቄ ፋሻ ጠቅልዬ ሳበቃ አገላብጠው አዩትና «ዘሀራ፣ ይሄ ቁስል ነው ወይስ ለሰርግ የሚላክ ሙዳይ?» አሉኝ። ያኔ ነርስ ከሆንኩ አሥር ዓመቴ ነበር።

ትእዛዙ እንዲህ ነው። ከጅማ ማዶ አዲስ ሆስፒታል ሊከፈት ነውና ሜትሮን ይፈለጋል፣ የነርሶች ሁሉ አለቃ ማለት ነው። ለዚህ ሹመት ከታጩት አንዷ ሲስተር ወለተጻድቅ ናቸው። ባልደረቦቻቸው ሥራቸውን አይተው ብቁ ናቸው ካሉ ይሾማሉ። ለሹመቱ የማያበቃ ጉድለት ከተነገረና ተመዛኟ ራሳቸው ካመኑበት ግን ባሉበት ይቀራሉ። ጉዳዩን የሚመራ አንድ ሰው ከዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል።

እምቢ ማለት አልነበረም። በዚያ ዘመን ሹመት እምቢ አይባልም። እምቢ ያለ ሰው ስሙ «እምቢ ያለው» ሆኖ ይቀርና፣ ከዚያ በኋላ የሚያስገባው ማመልከቻ ሁሉ መንገድ ላይ ይጠፋል።

ሲስተር መሄድ እንደማይፈልጉ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። አልነገሩንም፤ እሳቸው የሚነግሩን ጥፋታችንን እንጂ ልባቸውን አይደለም። ግን ስንት ዓመት በኪራይ ቤት ሲንከራተቱ ኖረው፣ ባል ሳያገቡ ልጅ ሳይወልዱ፣ በዚያው ዓመት ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ጀርባ የራሳቸውን ቤት ሠርተው ጨርሰዋል። ቆርቆሮው ገና ያብረቀርቃል፣ ልስኑ ገና አልደረቀም። በምሳ ሰዓት እየሄዱ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰው ይመለሳሉ። ትእዛዙ የተነበበ ቀን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት፤ እዚያ ዝናብ ይበዛል ወይ ብለው። ይበዛል ሲባሉ ተነሥተው ሄዱና የታጠበ እጃቸውን እንደገና ታጠቡ።

ይህን ሁሉ እያወቅን ነው የመከርነው። ፌርማታው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጠን ዳኛቸው ነገሩን አወጣው። ሲስተርን መጣላት አይቻልም፣ መክሰስ አይቻልም፣ መምከርማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ማመስገን ግን የማንም መብት ነው አለ። እኛ አመስግነን አመስግነን ከጅማ ማዶ እናደርሳቸዋለን፣ እሳቸው ይከበራሉ፣ እኛ እናርፋለን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎም ተረተ። ሦስታችን ድር መሆናችንን ማን እንደነገረው አላውቅም፤ አንበሳው ማን እንደሆነ ግን ግልጽ ነበር።

ደሜ ብርጭቆዋን እያዞረች ቤታቸውስ አለች። ያከራዩታል አላት ዳኛቸው። እኔም ተስማማሁ። ዛሬም ቢሆን በዚህ አልጸጸትም፤ አሥር ዓመት ሙሉ የተሰደበ ሰው ጥቂት ዕረፍት ቢያምረው አይፈረድበትም። ደሞስ ያን ዕለት ጠዋት ቆቤ ተንጋዷል ተብዬ እንደ ተማሪ በር ላይ ቆሜ ነበር።

የምዘናው ደንብ እያንዳንዳችን በተራ አንድ አንድ ቀን ከሲስተር ጎን ሆነን ሥራቸውን እንድንመለከት ያዝዛል። መጀመሪያ የወጣው ዳኛቸው ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ መሀል ክፍል ቆመ። ሲስተር ጥቂት ታገሡት። ከዚያ፣ የምታየኝ ከሆነ ከመስኮቱ ፈቀቅ በል፣ አንተ እኔን ስታይ እኔ ሕመምተኛውን ማየት አልቻልኩም አሉት። ከሰዓት በኋላ ምዘናው ተረስቶ ዳኛቸው የመርፌ መቀቀያውን ዝገት ሲፈገፍግ ዋለ። የደሜ ቀን በጸጥታ አለፈ፤ ደሜ ዝም ብላ አየች፣ ሲስተርም ዝም ብላ በማየቷ ተቆጧት።

የእኔ ቀን ሲደርስ አባባ ጀይሉ በሳላቸው ተመልሰው መጡ። እሳቸው እንደ ብዙው የኮልፌ ሰው መርፌ ካልተወጉ የታከሙ አይመስላቸውም። ሲስተር ደረታቸውን አዳምጠው፣ ጉሮሯቸውን አይተው፣ መርፌ አያስፈልግም ትኩስ ነገር ይጠጡ አሏቸው። አባባ ጀይሉ ተቀየሙ። ቅቤ የሸጠ ሰው ቅቤ ነው የሚሰጠው፣ መርፌ ያለው ሰው መርፌ ለምን ይነፍጋል ብለው ሞገቱ። ሲስተር ደግሞ መርፌው ለሳንባ እንጂ ለጉጉት አይደለም ብለው ሸኟቸው። እውነቱን ለመናገር ሌላ ክሊኒክ ቢሆን ወግተው ይገላገሏቸው ነበር።

ከእሳቸው በኋላ አልፊያ ገባች። የፈላ ውሃ እግሯ ላይ የፈሰሰባት ትንሽ ልጅ ናት፤ በየቀኑ እናቷ ሰብሪያ እያዘለች ታመጣታለች። የተቃጠለ እግር ላይ የዋለ ፋሻ ሲላጥ ምን እንደሚያደርግ ያየ ያውቀዋል። ልጅቷ በሩን ካየች ጀምሮ እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ነበር። እኔ ጥጥና ውሃ ይዤ ቆምኩ፣ ሲስተር ጎንበስ ብለው ፋሻውን በውሃ እያራሱ ይፈቱ ጀመር። የመጨረሻው ንብርብር ላይ ሲደርሱ ድንገት ወደኔ ዞሩ።

«ዘሀራ፣ እሱን ሳህን የያዝሽው ልትለምኚበት ነው?»

ደነገጥኩና ሳህኑ ዘመም ብሎ ውሃው ጋዋኔ ላይ ተደፋ። «ይኸው፣ ይኸው፣ አየሻት አልፊያ፣ ይቺን ትልቅ ሴትዮ ማን ውሃ መያዝ ያስተምራት?» አሉ። አልፊያ እኔን አይታ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ፋሻው ሲስተር እጅ ላይ ነበር። ልጅቷ አላለቀሰችም።

እኔ ግን ጋዋኔን እየጨመቅሁ ቆሜ ቀረሁ። ነገሩ ገባኝ። ሲስተር ወደኔ የዞሩት ተናደው አልነበረም፤ ያ ሰዓት፣ ያ የመጨረሻው ንብርብር የሚላቀቅበት ሰዓት፣ ልጅቷ ሌላ ቦታ ማየት ነበረባት። ወደ ኋላ አስቤ አስቤ ስንቱ ስድብ እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ እንደወረደብኝ ቆጠርኩ። ዳኛቸው እባጭ ሲከፈት፣ ደሜ ምጥ ሲጠና፣ እኔ ስፌት ሲሳብ። በአሥር ዓመት ውስጥ እኛ ሦስታችን የክሊኒኩ ማደንዘዣ ሆነን ማንም አልነገረንም። ሁሉም ግን እንዲያ ነው አልልም፤ ሙዳይ የተባልኩ ቀን ክፍሉ ውስጥ አንድም ሕመምተኛ አልነበረም።

ለዳኛቸውና ለደሜ ይህን አልነገርኳቸውም። ምክራችን ምክር ነው፣ ቃላችን ቃል ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ከመሥሪያ ቤቱ የተላከው አቶ ሰብስቤ የሚባል ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን አይሰማኝምና አንተ ልበለው፣ ከታናሽ ወንድሜ ያንሳል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰይቼንቶ ታክሲ መጥቶ፣ ከበራችን ፊት ያለውን ጭቃ በቆዳ ጫማው መሀል ለመሀል አቋርጦ ገባ። ከረባት አስሯል፣ ወረቀት ታቅፏል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ሞኝ እንኳ አልነበረም፣ ወረቀቱን ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀም።

ሕመምተኞች የሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹን ፊት ለፊት አደረግናቸው። በአንዱ እኛ ሦስታችን፣ በሌላው ሲስተር ብቻቸውን፤ እሳቸው ለብቻቸውም አግዳሚውን ይሞሉታል። አቶ ሰብስቤ ደንቡን አነበበ። ተመዛኟ እስከ መጨረሻው አይናገሩም። እያንዳንዱ ባልደረባ ጥንካሬያቸውንና ቢያንስ አንድ ጉድለታቸውን ይናገራል። ጉድለት ያልተነገረበት ምዘና ምዘና አይደለም።

ዳኛቸው ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ታታሪነታቸው፣ ስለ ትዕግሥታቸው ተናገረ። ትዕግሥት ሲል ሲስተር ራሳቸው ቀና ብለው አዩት። ጉድለታቸው ምንድን ነው ሲባል፣ ለራሳቸው አለማሰባቸው ነው አለ። ደሜ ተነሣች፤ ጉድለታቸው ሥራ ማብዛታቸው ነው አለችና ተቀመጠች። ይህ ጉድለት ነው ወይ ብሎ አቶ ሰብስቤ ጠየቃት። በጣም እንጂ አለችው። እኔ ከሁለቱ ማነስ ስላልፈለግሁ፣ ጉድለታቸው ጉድለት የሌላቸው መሆኑ ነው፣ ይህም ሌላውን ሰው ያሳፍራል አልኩ።

አቶ ሰብስቤ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እሱ ለምዘና እንጂ ለሙት ዓመት እንዳልመጣ ነገረን። እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ቢመለስ አለቆቹ እንደሚስቁበት ገልጾ፣ ታታሪ ትጉህ የሚባለውን ትተን እያንዳንዳችን በዓይናችን ያየነውን አንድ ሥራ እንድንነግረው አዘዘ። ይህን አላሰብንበትም ነበር። የመከርነው ቅጽል ብቻ ነው፣ ታሪክ አላዘጋጀንም። ስለዚህ እውነተኛውን መናገር ግድ ሆነብን።

ዳኛቸው የእጁን ታሪክ ተናገረ። ታሪኩን እኛ ሻይ ቤት ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ሲስተር በሕመምተኛ ፊት እንዴት እንዳዋረዱት የሚያስረዳበት ነበር። አንድ ጫማ ጠጋኝ እግሩ መግሎ መጥቶ፣ ዳኛቸው ፔኒሲሊን ሊወጋው መርፌውን አቅንቶ ሳለ፣ ሲስተር ከኋላው መጥተው የእጁን አንጓ ጨምድደው ያዙት። «ጠይቀኸዋል?» አሉት። አልጠየቀም። ሲጠየቅ ሰውየው ከዚያ በፊት ያንኑ መርፌ ሌላ ቦታ ተወግቶ ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ወድቆ ነበር። ዳኛቸው እዚህ ድረስ እንደ ልማዱ በቅሬታ ጀምሮ መሀል ላይ ድምፁ ቀጠነ። «ሰውየው ዛሬም አስኮ መንገድ ዳር ጫማ ይጠግናል። ይሄን ጫማ የጠገነልኝ እሱ ነው» አለና ተቀመጠ። ጫማውን ሁላችንም አየነው።

ደሜ ቀጠለች። መጀመሪያ ብቻዋን ያዋለደችው የጎረቤታችንን የባጫን ሚስት ነበር። ልጁ ወጣ ግን አላለቀሰም፤ እሷ ልጁን እንደያዘች ወደ ሲስተር ዞረች። ሲስተር ከጀርባዋ ቆመው በጆሮዋ እየተቆጡ፣ አፉን ጥረጊ፣ ገልብጪው፣ ጀርባውን እሺው፣ ምን ታዪኛለሽ ልጁን እዪ እያሉ፣ ልጁ እስኪያለቅስ ድረስ አብረዋት ቆዩ። «ልጁን ሊነጥቁኝ ይችሉ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይነጥቀኝ ነበር። እሳቸው አልነጠቁኝም» አለች። ደሜ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

እኔ የአልፊያን ነገር ነገርኩት። ሳህኑን፣ ውሃውን፣ ጋዋኔን፣ ሳቋን። ስጨርስ ዳኛቸውና ደሜ አፍጥጠው አዩኝ፤ እነሱም በየልባቸው የየራሳቸውን ስድብ ወደ ኋላ መቁጠር መጀመራቸው ገባኝ። ሲስተር ደግሞ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ወለሉን ያዩ ነበር። ምስጢራቸው ሲወጣ ሳይሆን ራቁታቸውን ሲታዩ የደነገጡ ይመስሉ ነበር።

አቶ ሰብስቤ በደስታ ጻፈ። አሁን ነው ምዘና ማለት አለ። ጉድለት ካላገኛችሁ ግዴለም፣ የለም ብዬ እጽፋለሁ፣ እንኳን ደስ አለዎ ሲስተር፣ በጥቅምት ወር ይሄዳሉ አለ። ከዚያ በደንቡ መሠረት የሚሉት ካለ እንዲናገሩ ፈቀደላቸው።

ሲስተር ቆባቸውን ነክተው አስተካከሉ፣ ቆቡ ግን ቀድሞም አልተንጋደደም።

«ሰው እንዲህ የሚመሰገነው ሲሞት ነው» አሉ። «እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

አቶ ሰብስቤ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሣ።

«አልሞትኩም። እንግዲያው እንዲህ ያለሁ ሰው ከሆንኩ፣ ለምንድን ነው የምታስወጡኝ?»

ዳኛቸው ጣሪያውን አየ። እኔ ጣቶቼን አየሁ። ሲስተር ሁሉን ያውቁ ነበር፤ ከመጀመሪያውም፣ ዳኛቸው ትዕግሥት ከማለቱም በፊት። ሀፍረት ፊቴን አቃጠለው፤ ከሀፍረቱ በላይ ደግሞ አሳዘኑኝ። በቁጣ ቢጠይቁን እንችለው ነበር። እሳቸው ግን የጠየቁት መልሱን ለማወቅ ነው።

የመለሰችው ደሜ ናት።

«ስለሚቆጡን ነው» አለች።

ዳኛቸው ክንዷን ጎሸመ፤ እሷ ግን ወጥቶላት ነበርና አልቆመችም። ጠዋት ስገባ ይቆጡኛል፣ ማታ ስወጣ ይቆጡኛል፣ ዝም ስል ለምን ዝም አልሽ ይሉኛል፣ ስናገር ለምን ተናገርሽ ይሉኛል አለች። ዳኛቸውም ይህን ሲሰማ መጎሸሙን ትቶ የጫማውን ነገር አነሣ። እኔም ሙዳዩን አነሣሁ። ሲስተርም ደንቡን ረስተው፣ ፋሻው እኮ እውነትም ሙዳይ ይመስል ነበር አሉኝ፤ እኔም ቢመስልስ ቁስሉ ድኖ የለም ወይ አልኳቸው። በአሥር ዓመት ውስጥ ለሲስተር መልስ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነው። ጣሪያው አልወደቀም።

አቶ ሰብስቤ እጁን አነሣና ዝም አስባለን። ይህ ጉድለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሦስታችንም በአንድ አፍ ትልቅ ጉድለት ነው አልን። ወረቀቱን ገለጠ። ሜትሮን ብዙ ነርሶችን የምታስተዳድር ናትና ከባልደረቦቿ ጋር በመልካም ቃል መግባባት አለባት፣ ይህ የጎደላት አትሾምም ይላል ደንቡ። ይሁን እንጂ ተመዛኟ ጉድለቱን በቃላቸው ማመን አለባቸው። ካላመኑ ነገሩ ወደ ሌላ ኮሚቴ ይሄዳል፤ ያ ኮሚቴ ደግሞ የዛሬውን ሙገሳ ሁሉ አንብቦ ምን እንደሚወስን ለመገመት አያስቸግርም።

«ይቀበላሉ?» አላቸው።

የሲስተርን ጠባይ ያላወቀ ሰው ይህን ቀላል ጥያቄ ሊለው ይችላል። እሳቸው ጥፋት ተቀብለው አያውቁም። አንድ ቀን በገዛ እጃቸው አዮዲን ጋዋናቸው ላይ ደፍተው ብልቃጡን ነው የተቆጡት። አሁን ደግሞ ከረባት ባሰረ ልጅ ፊት፣ በሦስት የበታቾቻቸው ፊት፣ አዎ እኔ አመለኛ ነኝ ሊሉ ነው። ካላሉ ገና ልስኑ ያልደረቀ ቤታቸውን ለተከራይ ትተው ወደ ዝናብ አገር መሄዳቸው ነው። ቀና ብለው በመስኮቱ ወደ ቀራንዮ በኩል አዩ፤ ከዚያ መልሰው እኛን አዩን። እኔ ራሴ እንዲሄዱ መክሬ ሳለሁ፣ በሆዴ ይቀበሉ፣ ይቀበሉ እያልኩ ነበር። ዳኛቸውም አጠገቤ ሆኖ ወደ ፊት አዘንብሏል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ዕረፍት ስንፈልግ ልናጣቸው እንደነበር የገባን ያን ሰዓት ነው።

«ቁጣዬ ያለ ምክንያት ነው ነው የምትሉት?» አሉ ሲስተር፤ ጥያቄው ለደሜ ነበር።

ደሜ አሰበች። ቃላት የማታባክን ልጅ ናት።

«ግማሹ» አለች።

«ግማሹ?»

«አዎ ሲስተር። ግማሹ ያለ ምክንያት ነው።»

ሲስተር ወደ አቶ ሰብስቤ ዞሩ። «ግማሹን እቀበላለሁ» አሉት።

አቶ ሰብስቤ ግማሽ ጉድለት የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለ በትሕትና አስረዳ። ወይ አለ ወይ የለም ነው የሚባለው። የሲስተር ፊታቸው ቀላ፣ ከንፈራቸው ጥብቅ አለ። መርፌ የሚፈራ ሰው ክንዱን ሲያቀርብ እንዲያ ይሆናል፤ እሳቸው ያን ፊት ስንት ጊዜ አይተው ስንት ጊዜ ተቆጥተውታል።

«ሁሉንም ጻፍ» አሉ። «እቀበላለሁ።»

እሱ ጻፈ፣ እሳቸው ፈረሙ። ከዚያ ወረቀቱን ታቅፎ፣ ሰይቼንቶ ፍለጋ ጭቃውን እየዘለለ ወጣ። ሹመቱም አብሮት ወጣ። ደስ አለኝ፤ ሌላ የምለው የለኝም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ አራታችን ቀረን። ደሜ ማልቀስ ጀመረች። ሲስተር እንደ ልማዳቸው አፍንጫሽን ጥረጊ፣ ይሄ ክሊኒክ እንጂ ለቅሶ ቤት አይደለም ብለው ጀመሩ፤ ሊጨርሱት ግን አልቻሉም። ያን ጊዜ ሕመምተኛ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ያለችው ሴት ትልቅ ሆና ሳይሆን ብቻዋን ሆና ታየችኝ። ተነሥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቦታ አልነበረም፣ ቢሆንም ተጠጋግተን በቃን።

«እውነት ግማሹ ያለ ምክንያት ነው?» አሉ ቀስ ብለው፤ ለማን እንደጠየቁ አላውቅም።

የመለሰላቸው ከሁላችን ይልቅ እንዲሄዱ የፈለገው ዳኛቸው ነው።

«ሩቡ ነው፣ ሲስተር» አላቸው።